የተዘለለው አንቀጽ

ሥራዬን የተውሁት ዓይኔ ደክሞ አይደለም። ደባርቅ ውስጥ እንደዚያ ይወራል፤ ልጆቼም ሰው ሲጠይቃቸው «እማዬን ዓይኗን አሟት ነው» ይላሉ። ውሸት ነው። ዛሬም ያለ መነጽር ክር መርፌ ውስጥ አስገባለሁ። የተውሁት ተናድጄ ነው። ንዴቴም ገና አልበረደም፤ ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው የተቀመጥሁት።

ሥራዬ የሟች የሕይወት ታሪክ መጻፍ ነበር። ሰው ሲሞት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ጸሎቱ አልቆ ሳጥኑ ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት፣ አንድ የቅርብ ዘመድ ወረቀት ይዞ ይቆምና ያነባል። ወረቀቱ ከሰማይ አይወርድም፤ የሚጽፈው ሰው አለ። በዳባትና በደባርቅ ከሚጽፉት አንዷ እኔ ዘነቡ ነበርሁ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን የተማርሁት ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ከጻፍሁት ውስጥ አንዱ ወረቀት ሲነበብ ተሰርቋል። ጥሩዬ አበጀ የምትባል ሴት የሠራችው ሥራ፣ በእኔ እጅ ከተጻፈ ወረቀት ላይ፣ በሰው ሁሉ ፊት ለሌላ ተሰጠ። እሷ ራሷ ስትሞት ደግሞ ሁለተኛ ሊሰርቋት ተነሡ። የማወራው ስለዚህ ነው። ግን ሥራው ምን እንደሆነ ያላወቀ ስርቆቱም አይገባውምና ከዳባት ልጀምር።

ዳባት መናኸሪያው አጠገብ ማመልከቻና ውል የሚተየብባት ጠባብ ክፍል ነበረች። ጽሕፈት መኪና ላይ ተቀጠርሁ። ባለቤቱ ከአፉ የሚወጣው ቃል «ቶሎ በይ» ብቻ ነበር፤ ስለ ደመወዜ ባልናገር ይሻላል። የሕይወት ታሪክ የሚያጽፍ ሰው ሲመጣ ግን በርጩማ ስበው ከፊቴ የሚቀመጡት መሪጌታ ብርሃኑ ነበሩ። እሳቸው በቃል ያወርዱታል፤ እኔ እመታለሁ።

አንድ ቀን እሳቸው ሳይኖሩ ሰዎች ከድብ ባሕር መጡ። ሻይ ቤት የነበራት ሴት ሞታባቸው ነው። «እንዴት ያለች ሴት ነበረች?» ብዬ ጠየቅሁ። «ደግ፣ ርኅሩኅ፣ እንግዳ ተቀባይ» አሉኝ። እንዳሉኝ መታሁት። መሪጌታ ገቡና ወረቀቱን ከመኪናው ላይ መንጭቀው አወጡት።

«ይህች ማን ናት?»

«ሟቿ ናት፣ የኔታ።»

«አይደለችም። ይህች የእኔም እናት ናት፣ የአንቺም እናት ናት፣ የዚያም በር ላይ የቆመው ሰውዬ አክስት ናት። የሞተችውን ነው የምጠይቅሽ።»

ወረቀቱን ጨምድደው ጣሉት።

«አውቶቡስ ተሳፍረሽ ድብ ባሕር ሂጂ። ድንኳኑ ውስጥ ስትገቢ በወንዶቹ በኩል እንዳትቀመጪ።»

«ለምን?»

«ወንዶቹ ማዕረግ ነው የሚነግሩሽ። ሴቶቹ የሆነውን ይነግሩሻል። እኔ እዚያ መቀመጥ አልችልም፤ አንቺ ትችያለሽ። እስካሁን በግማሽ ድንኳን ነው ስጽፍ የኖርሁት።»

ሄድሁ፤ በሴቶቹ በኩል ተቀመጥሁ። መጀመሪያ አለቀሱ፤ ቀጥሎ ማውራት ጀመሩ። ሴትዮዋ ርኅሩኅ የምትባል አልነበረችም። ተሳዳቢ ነበረች። ብቻ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ደጅ እንዲያድር አትፈቅድም ነበር፤ ሻይ ቤቷ ወለል ላይ ሳር ጎዝጉዛ ታሳድረዋለች። አንድ ሾፌር አሮጊት ጥሎ ሊሄድ ሲል ደግሞ መስኮቱ ድረስ ሄዳ በጭልፋ ግንባሩን ብላዋለች። ይህን ጽፈን ሰጠን። ሲነበብ ሰው እያለቀሰ ሳቀ፤ አንድ ሽማግሌም ከኋላ ሆኖ ግንባሩን እያሻሸ «እውነት ነው፣ እኔ ነኝ!» አለ። እኔ ያን ቀን ሥራው ገባኝ።

ከመሪጌታ ጋር ብዙ ዓመት ሠራሁ። ልማዳቸውን ሁሉ ወርሻለሁ። ከዘመድ በፊት ከሟቹ ጋር የተጣላውን ሰው ፈልገው ያነጋግሩ ነበር፤ «የተጣላ ሰው አይረሳም» ይላሉ። «ደግ» የሚለውን ቃል ከልክለውኛል፤ «ምን እንዳደረገ ጻፊ፤ ደግነቱን ሰሚው ራሱ ይፍረድ» ይሉኝ ነበር። ጽሑፉ ሲያልቅ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመው ጮክ ብለው ያነቡታል፤ ትንፋሽ ያጠራቸው ቦታ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ይከፈላል። የሚነበበው ሜዳ ላይ ነው፤ ነፋስ አለ፤ የሚያነበውም ሐዘንተኛ ነው፤ ረጅም ነገር አይችልም።

ከሁሉ በላይ የሚቆጡት ግን ሲጨመር ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ገበሬ «በመጨረሻ ሰዓታቸው እርሻቸውን እያዩ እንባ አፈሰሱ» ብዬ ጻፍሁ።

«እንባውን ማን አየ?»

«ማንም፤ ግን ያምራል፣ የኔታ።»

«አልጋው ወዴት ነው የሚያየው?»

«አላውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። ወደ ግድግዳው ነው የሚያየው። የሞተ ሰው ተነሥቶ አይመልስልሽም። ስለዚህ በእሱ ላይ ያላየሽውን አትጨምሪ። ያላወቅሽውን አላወቅሁም ብለሽ እለፊ።»

አግብቼ ደባርቅ ስመጣ መሪጌታ ዳባት ቀሩ፤ በኋላም አረፉ። እኔ አስፋልቱ ዳር ካለ ፎቶ ቤት ገባሁ፤ ጽሕፈትም ፎቶም ባነርም የሚሠራ። ጽሕፈት መኪናው በኮምፒውተር ሲተካ ባለቤቱ አንድ ነገር አመጣ። ዝግጁ የሕይወት ታሪክ። የወንድ አንድ፣ የሴት አንድ። የስሙ ቦታ ክፍት ነው። «ስሙን አስገቢና አውጪ፤ ሰው ሬሳ ይዞ አይቆምም» አለኝ። የሴቷ ላይ «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይላል፤ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያላየችውን ሁሉ ተማሪ ያደርጋታል። «የቤት እመቤት ሆነው ባለቤታቸውን በመንከባከብ» ይላል፤ ጉሊት ውላ ቤት ያቆመችውን ሁሉ ቤት ያስቀምጣታል። በዚህ ስንት ጊዜ እንደተጣላን! «አንቺ ሰው ሞተ ሲባል ምርመራ ትከፍቻለሽ» ይለኝ ነበር። አዎ፣ እከፍታለሁ። ሰው አንድ ጊዜ ነው የሚሞተው፤ ያን ጊዜም የሌላ ሰው ታሪክ ይነበብለት?

አሁን ወደ ጥሩዬ።

ባሏ ደሳለኝ በላይ በቅሎ ነጂ ነበር። ተራራውን ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ጓዝ ጭኖ ከደባርቅ እንግዶቹ እስከሚያድሩበት ሳንቃ በር፣ ከዚያም ወደ ላይ ያደርሳል። ጥሩ ሰው ነበር፤ ሥራውንም ያውቅ ነበር። በትዳራቸው መጀመሪያ ላይ አንድ ዳገት ላይ ወደቀና ጀርባው ተሰበረ። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ አልጋ ላይ ነው የኖረው። በቅሎዎቹ ግን ቆመው አልዋሉም፤ ጥሩዬ ነዳቻቸው። ነጂዎቹ የሚሰማሩት በተራ ነው፤ ተራውም የሚጠራው በደሳለኝ ስም ስለነበር በደሳለኝ ስም ቀጠለ። ተራ አስከባሪው ጠዋት ቆሞ «ደሳለኝ በላይ!» ይላል፤ ጥሩዬ «አቤት!» ትላለች። ዝናብ ሆነ ውርጭ፣ ወጣትነቷ እስኪያልቅ፣ በባሏ ስም አቤት ስትል ኖረች።

ደሳለኝ ሲሞት ወደ እኔ መጣች።

«ዘነቡ፣ እሱን በደንብ ጻፊልኝ። ስለ እኔ አንዲት ነገር ብቻ ትግባ።»

«ምን?»

«መንገዱን የሄድሁት እኔ መሆኔ።»

ጻፍሁት። አራት አንቀጽ ነበር። ሦስተኛው የእሷ ነው፤ «ከወደቁ በኋላ በቅሎዎቹን የነዱት ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩዬ አበጀ ናቸው» ብሎ ይጀምራል። ቆሜ ጮክ ብዬ ሳነበው ትንፋሽ አላጠረኝም። መሪጌታ ቢሰሙት እንከን አያወጡበትም ብዬ ደስ አለኝ።

ያነበበው የደሳለኝ ታላቅ ወንድም ተሰማ ነው፤ እንደ ደንቡ። እኔና ጥሩዬ ከሴቶቹ መካከል ቆመናል። ሁለተኛውን አንቀጽ ጨረሰ። ከዚያ አውራ ጣቱን ሦስተኛው ላይ አሳረፈ። አየሁት። ጣቱን እንዳሳረፈ ዓይኑን ወደ አራተኛው አወረደና ከራሱ አፍ አንድ ነገር ቀጠለበት፦ «ለረጅም ዘመን፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ፣ በበቅሎ ነጂነት አገልግለው…»

«ዘለለው?» አለች ጥሩዬ፣ በጆሮዬ።

«ዘለለው።»

ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበችው።

ቀብሩ እንዳለቀ አጥሩ ሥር ያዝሁት።

«አያ ተሰማ፣ የጻፍሁትን ምን አደረግኸው?»

«በወንድሜ ሬሳ ላይ ቆሜ ሚስቱ አብልታ አኖረችው ልበል?»

«አልጋ ላይ ተኝቶ በቅሎ ነዳ ከምትል!»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ አይቷታል! የቆመው ሰው ሁሉ ዳገቱ ላይ አልፏታል እኮ!»

«ካዩማ ምን አስነገረሽ?» ብሎኝ ሄደ።

ካዩ ምን አስነገረሽ! መልስ አጥቼለት አይደለም፤ ቃሉ ከንዴቴ ብዛት ነው የጠፋብኝ። አሁን አግኝቸዋለሁ፤ ልጻፈው። ያየ ሰው ያረጃል፣ ይሞታል። የተነበበ ነገር ይቀራል። እንዳልሁትም ሆነ። ከዓመታት በኋላ አንድ በዓል ላይ ለቀደምት በቅሎ ነጂዎች ጋቢ ሲሸለም፣ የደሳለኝ በላይ ስም ተጠራ፤ ተነሥቶ የተቀበለው ተሰማ ነው። ጥሩዬ እዚያው ሕዝቡ መካከል ተቀምጣ ነበር። ጋቢውን ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ በየእሑዱ ታየው ነበር።

የእኔ ጽሑፍ የት ላይ እንደተሸነፈ ማወቅ አቃተኝ። ያልጨመርሁበት፣ ያልዋሸሁበት፣ ቁልጭ ያለ አንቀጽ ነው። እንዴት በአንድ አውራ ጣት ጠፋ?

መልሱን ያገኘሁት ካልጠበቅሁት ቦታ ነው። ሰብለ የምትባል ወጣት መምህርት ከጎንደር መጥታ፣ ለከተማው ልጆች የጽሑፍ ሥልጠና ትሰጣለች ተባለ። ርእሱ «የፈጠራ ኢ-ልቦለድ አጻጻፍ» ነው። በነጠላዬ ተከናንቤ የልጅ ልጆቼን ከሚያካክሉ ልጆች መካከል ተቀመጥሁ።

«ፈጠራ ከሆነ እውነት አይደለማ» አልኋት፣ ገና ከመጀመሯ።

«አቀራረቡን ነው የምንፈጥረው፣ እማማ። ነገሩን አንነካውም።»

«እሱንማ የኔታም ነግረውኛል።»

«እንግዲያው እርስዎና እኔ የአንድ ሰው ተማሪ ነን» ብላ ሳቀች። ወደድኋት።

ብዙው ነገር የማውቀው ነበር፤ ሁሉንም ግን አላውቅም ነበር። በሁለተኛው ቀን እንዲህ አለችን፦ «የጻፋችሁትን አውጡ። አንዱን አንቀጽ በእጃችሁ ሸፍኑ። ሌላው ያለ እሱ ቀጥ ብሎ ከቆመ፣ ወይ አንቀጹ አያስፈልግም፣ ወይ የተቀመጠው ቦታው ላይ አይደለም።» ልጆቹ በእጃቸው መሸፈን ጀመሩ። እኔ የታየኝ የተሰማ አውራ ጣት ነው። ለካ ጥሩዬን ለብቻዋ አንድ ክፍል ሰጥቼ፣ በሩን ለዘራፊ ከፍቼ ነው የሄድሁት! ሦስተኛው ሲወጣ ሁለተኛውና አራተኛው እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። የማውቀው አጻጻፍ ይኸው ነበር፤ የኔታም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ አላስተማሩኝም። ልደት፣ ትዳር፣ ሥራ፣ ሞት፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ።

ሰብለ ስትወጣ ይዤ ነገሩን ሁሉ ነገርኋት። አልሳቀችም።

«እማማ፣ ሥራዋን አንድ ቦታ አያስቀምጡት። ከደባርቅ ተነሥታ ሳንቃ በር እስክትደርስ ያለው መንገድ ታሪኩ ይሁን። ልደቷም ትዳሯም ልጇም መንገዱ ላይ ይምጣ። መሐሉን ዘልሎ ሳንቃ በር የሚደርስ የለም» አለችኝ።

ልጅቷን ግንባሯን ስሜያት ሄድሁ።

ጥሩዬ ያኔ በሕይወት ነበረች፤ አርጅታለች እንጂ። ቤቷ ሄጄ «ያንቺን ልጽፍ ነው» አልኋት።

«ሳልሞት?»

«ሳትሞቺ። ስትሞቺማ ለተሰማ ነው የምትቀሪው።»

«እንግዲያው ጣፊው፤ እሱንም ላናድደው» አለች።

እንደዚያ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጽፌ አነብላታለሁ፤ ትሟገተኛለች። ሬሳ ዝም ብሎ ነው የሚጻፈው፤ ሕያው ሰው እንዲህ እንደሚያስቸግር አላወቅሁም ነበር።

«ጠባቡ መንገድ ላይ በቅሎዋ ገደሉን አይታ ደነገጠች» ብዬ አነበብሁላት።

«ማናት የደነገጠችው?»

«በቅሎዋ።»

«ሐሰት! እሷ ምን ጎደለባትና! የደነገጥሁት እኔ ነኝ። ጅራቷን ይዤ ነው የወጣሁት።»

«ይግባ?»

«ካልገባማ ምኑን ጣፍሽው?»

ሌላ ቀን «ጀግና» ብዬ ነበር። «አውጪው» አለችኝ። «ጀግና ጭነት ሲያስር አይቼ አላውቅም።»

የባሏን ካፖርትና ቆብ ስለማድረጓ ስጠይቃት እኔ የጠበቅሁት ሌላ ነበር። «ሴት መሆንሽ እንዳይታወቅ ነው?» አልኋት። ሳቋ አላስተነፍስ አላት። «ማንን ላታልል! ሁሉም የአበጀ ልጅ መሆኔን ያውቃል። ብርዱ ነው እቴ! ቤት ውስጥ የነበረው ካፖርት እሱ ብቻ ነው።» እኔ ደግሞ ስንት ነገር አስቤበት ነበር! ከጻፍሁት ግማሹን ቀደድሁት። ካፖርቱ ለብርድ ነው የተለበሰው፤ ለብርድ ተብሎ ተጻፈ።

ጭነት እንዴት እንደሚታሰር ነገረችኝ። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ ኮርቻው ይዞርና የበቅሎዋን ጀርባ ይልጠዋል፤ ስለዚህ ቀሊሉ ጎን ላይ ድንጋይ ትጨምርበታለች፤ ስትመለስ ድንጋዩን እዚያው አትጥለውም፤ «ነገም ስለምጭን።» መንገዱን ሁሉ በእሷ እግር ጻፍሁት። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ስትቆም የተወለደችበት ቤት ይታያታል፤ ልደቷ እዚያ ላይ ገባ። ጭነቱን አጥብቃ የምታስርበት ማረፊያ ደሳለኝ የወደቀበት ነው፤ ትዳሯም ሐዘኗም እዚያ ገባ። ሲያልቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰማችና፣

«በቃ። እኔ ነኝ» አለች።

እሷ ያለችውን በሥራ ዘመኔ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ከየት እሰማለሁ? የጻፍሁላቸው ሁሉ ሞተው ነበር።

ጥሩዬ ያረፈችው ባለፈው ዓመት ነው። ወረቀቱን ይዤ ለቅሶ ቤት ስደርስ ልጇ ግዛቸው ከጎንደር ደርሷል፤ እዚያ ቢሮ ነው የሚሠራው። በእጁ የተያዘውን ወረቀት ከሩቅ አወቅሁት፤ ያ የፎቶ ቤቱ ዝግጁ ነው። «የቤት እመቤት ሆነው ባለቤታቸውን በመንከባከብ።» ስሟ ብቻ ገብቷል።

«ግዛቸው፣ ይህን እናትህ ሰምታ ያጸደቀችውን እንካ» አልሁት።

ተቀበለኝና ቆሞ ጥቂት አነበበ። ፊቱ ቀላ።

«እማማ ዘነቡ፣ እኛ ክብሯን እንጠብቅ ብለን ነው።»

«ክብሯ ምኑ ላይ ነው የሚነካው?»

ተሰማ ከወንዶቹ በኩል ጣልቃ ገባ። «ሴት ልጅ በወንድ ካፖርት ገደል ለገደል ስትዞር ኖረች ተብሎ በታቦት ፊት ይነበብ?»

«አዎ ይነበብ። ከፈለግህ አንተ ያኔ የት ተቀምጠህ እንደነበርህም እጨምርበታለሁ።»

በሴቶቹ በኩል ሳቅ ተነሣ። ለቅሶ ቤት ነው፤ ግን ተሳቀ። ግዛቸው አፈረ። ሁለቱን ወረቀት ይዞ አንዴ አጎቱን፣ አንዴ እኔን አየና፣

«የእማማ ይነበብ። ያው እንደ ደንቡ አጎቴ ያነቡታል» አለ።

ተሰማ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ አስገባና ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። ይሞክረው አልሁ በልቤ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሰው ሞልቷል። የድሮዎቹ በቅሎ ነጂዎች ዱላቸውን ተደግፈው በአንድ በኩል ቆመዋል፤ ተራ አስከባሪ የነበሩት ሽማግሌም አሉ። ተሰማ ወረቀቱን ዘረጋ።

«ወይዘሮ ጥሩዬ አበጀ» አለና ጣቱን አሳረፈ። የሚቀጥለው «ከደባርቅ ወደ ሳንቃ በር በቅሎ እየነዱ ሲወጡ፣ ከመጀመሪያው ዳገት ላይ የተወለዱበትን ቤት ያዩ ነበር» ይላል። ልደቷን ለማንበብ ዳገቱን መውጣት አለበት። ጣቱን አወረደ። «ካገቡ በኋላ…» ሊል ፈልጎ ትዳሩን ሲፈልግ፣ ትዳሩ ጭነቱን አጥብቃ በምታስርበት ማረፊያ ላይ ነው። ወረቀቱን ገለበጠ። እዚያም መንገድ ነው። ጣቱ ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ሄደ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበዋል።

«አያ ተሰማ፣ ምነው፣ በቅሎዋ ቆመች እንዴ?» አሉ ተራ አስከባሪው።

ነጂዎቹ በሳቅ ፈነዱ። ተሰማ ወረቀቱን አጠፈና «ሰዓቱ ሄዷል፤ አባቶችም ይቸኩላሉ» አለ።

«እኛ አልቸኮልንም» አሉ ከካህናቱ አንዱ።

ያኔ ግዛቸው ወረቀቱን ከአጎቱ እጅ ወሰደ። አነበበው። ድምፁ ይሰበራል፤ ይቆማል፤ ይቀጥላል። ድንጋዩን አነበበ። ጅራት ይዛ መውጣቷን አነበበ። በጠዋት «ደሳለኝ በላይ!» ሲባል «አቤት!» ትል የነበረችው እሷ መሆኗን ሲያነብ፣ ነጂዎቹ ቆባቸውን አወለቁ። እስከ ሳንቃ በር አደረሳት። የጥሩዬ ሥራ በጥሩዬ ስም፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ተነበበ። ሳጥኑ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ከቅጥሩ ሳልወጣ የሰማሁት ምን መሰላችሁ? «ግዛቸው እናቱን አስከበራት!» «ተባረክ፣ ልጅ እንዲህ ነው!» ተራ አስከባሪውም ዓይናቸውን እየጠረጉ መጡና «ተራውኮ የእሷ ነበር» አሉኝ። «አባቴ፣ በየጠዋቱ ሲጠሩ የነበሩት እርስዎ ነዎት። አንድ ቀን ጥሩዬ ቢሉ ምን ነበረበት?» አልኋቸው። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ አላዘንሁላቸውም። ሁሉም ያውቁ ነበር! አንድም የማያውቅ ሰው ቆሞ አልሰማም። ማወቃቸውን ለመናገር ግን እሷ እስክትሞት ጠበቁ።

ያን ቀን ወሰንሁ። የሞተ ሰው አልጽፍም። ታሪኩን የሚፈልግ በእግሩ ይምጣ፤ ይቀመጥ፤ ይስማው፤ ይሟገተኝ። የፎቶ ቤቱ ባለቤት «ገበያ የለውም» ይላል። የራሱ ጉዳይ ነው።

ያን ዕለት ማታ ድንኳኑ ሊበተን ሲል ግዛቸው ወደ ሴቶቹ በኩል መጣ። ጎንበስ ብሎ እጄን ያዘና፣

«እማማ ዘነቡ፣ ይህን ሁሉ ለምን ቀደም ብለው አልነገሩኝም? ባውቅ ኖሮ በሕይወት ሳለች አንድ ነገር አደርግላት ነበር» አለኝ።

ወረቀቱ ላይ ያላስገባሁት አንድ ነገር አለ። ጥሩዬ ራሷ «እሱን ተይው፤ ልጁ ባለ ሥልጣን ሆኗል፣ ያፍርብኛል» ብላ አስወጥታኛለች። ወረቀቱ ላይ አልገባም፤ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ፊት ለፊት አትናገሪው ግን አላለችኝም።

«ምኑን ልንገርህ?» አልሁት። «በጀርባዋ ታዝለህ ሳንቃ በር ድረስ የወጣኸው አንተ ነህ እንጂ እኔ አይደለሁም።»

እጄን ለቀቀው። እኔም ነጠላዬን አስተካክዬ ወደ ሴቶቹ ዞርሁ።